አራት ነጥቦች በመስኮቱ ላይ

መምህር ልሳነወርቅ ማረፋቸውን የሰማሁት ሮስተር ስሞላ ነው። ከሞጣ የመጣ አንድ የማላውቀው መምህር የዝውውር ወረቀቱን ሊያስፈርም ብቸና ትምህርት ቤታችን መጥቶ፣ ርእሰ መምህሩ እስኪገቡ ድረስ የመምህራን ክፍል ውስጥ ከፊቴ ቁጭ ብሎ ነበር። ወሬ ለመጀመር ያህል፣ «የፊዚክሱን ሰውዬ፣ ልሳነወርቅን፣ ታውቃቸው ነበር?» አለኝ።

«አውቃቸዋለሁ።»

«አርፈዋል እኮ። ሦስተኛ ሳምንታቸውን ያዙ።»

መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኔትወርኩም ጠፍቶ ስለከረመ መርዶው ከሞጣ ብቸና ለመድረስ ይህን ያህል ጊዜ ፈጀበት። ዘንድሮ ሁሉም ነገር የሚደርሰን አርጅቶ ነው።

ምንም አልተሰማኝም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን የሆነው እሱ ነው። «ነፍስ ይማር» አልኩ። እስክሪብቶዬን አንስቼ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ውጤት እስከ መጨረሻው ደመርኩ፤ በማግስቱ ደግሜ ሳየው አንድ ስህተት አልነበረበትም። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኳት። እውነትም ደክሞኝ ነበር።

መምህር ልሳነወርቅን ያወቅኳቸው ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብቸና በሒሳብ መምህርነት በተመደብኩበት ዓመት ነው። ያኔ ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። ረጅም ናቸው፤ ሲቆሙ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ይላሉ። የኮታቸው የግራ ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ነው፣ የቀኙ ደግሞ ጠቁሯል፤ የቀኙን ምክንያት ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። የተወለዱት ሞጣ አካባቢ ነው። ልጅነታቸውን በቅኔ ቤት አሳልፈው ነው ዘግይተው አስኳላ የገቡት። ስለዚህ በየክፍሉ ትልቁ ተማሪ እሳቸው ነበሩ፤ «አንደኛ ክፍል ስገባ ጢም ነበረኝ» እያሉ ያጋንናሉ።

ተማሪዎች ያወጡላቸው ስም «ድገመው» ነው። ተማሪው ልክ ቢመልስ «ድገመው» ይላሉ። ቢሳሳትም «ድገመው» ይላሉ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም፤ ልጁ መልሱን ሁለተኛ ሲናገር ራሱ ይንተባተባል፣ ወይም ራሱ ይኮራል። እኔ ወጣትና ችኩል ስለነበርኩ ነገሩ ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል ቢሏቸው ምን ይሆናል? ክፍለ ጊዜው እኮ አርባ ደቂቃ ነው።»

«የኔታ ቅኔዬን ሲሰሙ ልክ ነው ብለውኝ አያውቁም» አሉኝ። «ተሳስተሃልም ብለውኝ አያውቁም። በል ድገመው ነው የሚሉ። ስደግመው ስህተቴን እኔው እሰማዋለሁ። ሌላ ሰው የነገረህን ስህተት ትረሳዋለህ፤ ራስህ የሰማኸውን አትረሳም።»

ከቅኔ ቤት ያመጡት ሌላም ጣጣ ነበር። የአስትሮኖሚ ክበብ ባቋቋሙ በወሩ ከተማው ኮከብ ቆጣሪ አደረጋቸው። የቀድሞ የቅኔ ተማሪ ስለ ኮከብ ያወራል ከተባለ ሌላ ምን ይታሰባል? አንድ የበርበሬ ነጋዴ የራሱንና የእናቱን ስም በወረቀት ጽፎ፣ እጅ መንሻ ማር በጣሳ ይዞ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣ። መምህር ልሳነወርቅ አላባረሩትም። ወደ ቤተ ሙከራው አስገቡት፣ በነጥብ የተሞላ ወረቀት መስኮቱ ላይ ለጥፈው «በል ያንተን ፈልግ» አሉት። ሰውየው ግማሽ ሰዓት አፍጥጦ ቆሞ፣ «መምህር፣ ዓይኔን አመመኝ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ማሩን ይዞት ሊሄድ ሲል «እሱን ተወው፣ ለክበቡ ነው» አሉት። ልጆቹ በዳቦ በሉት።

ያ በነጥብ የተሞላ ወረቀት ነው የእኔ ታሪክ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን የሚዞሩ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ድንጋዮች አሉ፤ አስትሮይድ ይባላሉ፤ መምህር ልሳነወርቅ ቦታውን «መቀነቱ» ይሉታል። አንድ የውጭ ፕሮግራም በትልቅ ቴሌስኮፕ የተነሡ የሰማይ ፎቶዎችን ለትምህርት ቤቶች በኢንተርኔት ይልካል። አንዱን የሰማይ ቁራጭ በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት አራት ጊዜ ያነሡታል። ከዋክብቱ በአራቱም ፎቶ ላይ ቦታቸውን አይለቁም። አስትሮይድ ካለ ግን እሱ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይራመዳል። ከዚህ በፊት ማንም ያልመዘገበውን የሚራመድ ነጥብ ያገኘ ተማሪ፣ አገኘው ተብሎ ስሙ ይጻፍለታል።

ሌላው ዓለም ይህን የሚሠራው በኮምፒውተር ነው፤ አራቱን ፎቶ እያፈራረቀ ያያቸዋል። እኛ ካሉን ኮምፒውተሮች የሚነሡት ሦስት ነበሩ፤ እነሱም መብራት ካለ ነው። መብራት ደግሞ የለም። መምህር ልሳነወርቅ ሁለት ሳምንት አሰቡበትና ፎቶዎቹን በፍላሽ ኢንተርኔት ቤት ወስደው፣ መብራት በመጣ ሰዓት ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርገው በስስ ወረቀት አሳተሙት። ሰማዩ ነጭ፣ ከዋክብቱ ጥቁር ነጥብ ሆኑ። የቤተ ሙከራው መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመታው አራቱን ወረቀት ደራርበው መስታወቱ ላይ ይለጥፋሉ። ከዋክብቱን አንዱን በአንዱ ላይ ካስተካከልክ አራቱ ነጥብ አንድ ነጥብ ይሆናል። የሚራመደው ብቻ ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ አራት ሆኖ ይደረደራል። የብቸና ልጆች ሰማይን ያጠኑት በጠራራ ፀሐይ ነበር፤ እኛ አስተማሪዎቹም «ኮከብ በቀን!» እያልን እንስቅ ነበር።

ህብስት ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ዝምተኛ፣ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ሒሳብ ላይ መካከለኛ። ግን ዓይን ነበራት። ሌሎቹ ልጆች በአምስት ደቂቃ ሲሰለቹ እሷ መስኮቱ ሥር ሳምንት ሙሉ ቆመች፤ ጓደኞቿ «ህብስት መስኮት አገባች» አሏት። በሰባተኛው ቀን «መምህር፣ እዚህ ጋ አራት አሉ» አለች።

መምህር ልሳነወርቅ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ «ድገሚው» አሏት።

ወረቀቶቹን ነቀለች፣ እንደገና አስተካክላ ለጠፈች። «አራት ናቸው» አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ተነሥተው ያዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ኮታቸውን አወለቁና ወንበሩ ላይ አደረጉ፤ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ የነገሩኝ ልጆችም አያውቁም፣ መልሰው ለበሱት። «ያረጋልን ጥሩት» አሉ። እኔን ነው።

ሮጬ መጣሁ። ህብስት በጣቷ አሳየችኝ። ሁሉም አዩ፤ እኔ ግን አላየሁም። ወረቀቱ ሁሉ ጉንዳን ነው የሚመስለው። እሳቸው «ታየህ?» አሉኝ። ከሃያ ተማሪ ፊት የሒሳብ መምህር ቆሜ «አይታየኝም» እንዴት እላለሁ? «አዎ፣ ታየኝ፣ ግሩም ነው» አልኩ። ያቺ የመጀመሪያዋ ውሸቴ ናት።

ህብስት በማስመሪያ የለካችውን የነጥቡን ቦታ ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ ሪፖርቱን መጻፍ የእኔ ሥራ ነበር፤ በትምህርት ቤቱ ከእኔ የተሻለ ጥንቁቅ ጸሐፊ የለም ተብሎ ስለታመነ። ራሴም አምን ነበር። የፈረንጅ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ካየሁ እጄ አያርፍም፤ ሪከርድ ክፍሉ ስለሚመልሰው በቀይ ሰርዤ በእኛ አቆጣጠር አስተካክለዋለሁ። የፈተና ፕሮግራም በፈረንጅ ሰዓት ተጽፎ ቢመጣም ስድስት ሰዓቱን አንሥቼ ነው ለተማሪ የምለጥፈው። መምህራኑ «የቀን ፖሊስ» ይሉኛል፤ ቅር አይለኝም ነበር።

መምህር ልሳነወርቅ አራቱ ፎቶዎች የተነሡበትን ቀንና ሰዓት ከፎቶው ላይ በእጃቸው ገልብጠው ሰጡኝ። ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ሪፖርቱን ስሞላ እጄ የለመደውን አደረገ። ዓመቱን ወደ እኛ መለስኩት። ወሩንና ቀኑን መለስኩ። ሰዓቱንም መለስኩ። አንዲት ሐሳብ እንኳ ሽው አላለችብኝም፤ ቆሻሻ ጠርጌ የወጣሁ ያህል ደስ ብሎኝ ላክሁት። ለሰው ሁሉ ድገመው የሚሉት ሰው ያን ቀን «ያረጋል ከጻፈው ልክ ነው» ብለው ሳያስደግሙኝ ቀሩ።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ርእሰ መምህሩ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ «ትምህርት ቤታችን አዲስ የሰማይ አካል አግኝቷል» ብለው አወጁ። ህብስትን ከሰልፉ አውጥተው አስጨበጨቡላት። አባቷ ከገጠር ድረስ መጥተው ርእሰ መምህሩን «ልጄ ምን አገኘች ነው የምትሉት?» ብለው ጠየቁ። «ድንጋይ» ሲሏቸው «ድንጋይማ እኛም ማሳ ሞልቷል» አሉ፤ ግን ሲወጡ ደረታቸውን ነፍተው ነበር።

መልሱ መጣ። ርእሰ መምህሩ ቢሯቸው ውስጥ እኔን፣ መምህር ልሳነወርቅንና ህብስትን አቁመው አነበቡት። በተጻፈው ቀን የተነሣ ፎቶ የለም፤ ስለዚህ ሪፖርቱ ሊመረመር አልቻለም። ያንኑ የሚራመድ ነጥብ ከእነዚያው ፎቶዎች ላይ የሌላ አገር ተማሪዎች አግኝተው በትክክለኛ ቀን ስላሳወቁ በእነሱ ስም ተመዝግቧል። ስለ ተሳትፏችሁ እናመሰግናለን።

«ቀኑን ማን ነው የጻፈው?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

መምህር ልሳነወርቅ ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ እኔ የሞላሁትን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች አዩት። አንዴ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። ምን እንዳደረግኩ ያኔ ነው የገባኝ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ? ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማሩ የፊዚክስ መምህር?»

«አዎ። አረጀሁ መሰለኝ።»

ህብስት አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት ታያለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከቢሮው ስንወጣ በረንዳው ላይ «ጋሼ...» አልኩ።

«ዝም በል» አሉኝ። «አንተ ገና ጀማሪ ነህ። ይሄ ስም ከወጣልህ እስከ ጡረታህ ይከተልሃል። በእኔ ቢስቁ ለሳምንት ነው።» ጥቂት ተራመዱና ቆሙ። «ለልጅቷ ግን አንተው ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም።»

«መቼ?»

«እሱን እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ሳቁ ሳምንት ብቻ አልቆየም። «ድገመው ራሱ ሳይደግም ቀረ» የሚለው ቀልድ እስከ ክረምት ድረስ ከክፍል ክፍል ዞረ። መምህራን ክፍል ውስጥ ሲቀለድ እኔም አብሬ ፈገግ ያልኩበት ቀን ነበር። እሳቸው ሰሙ፤ ሻያቸውን ጠጥተው ወጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እኔ የምስጉን መምህር ሰርተፊኬት ተሸለምኩ። ግድግዳዬ ላይ አለ።

ክበቡ ፈረሰ፤ እሳቸው ግን ድንጋዩን አልተዉትም። ሌሎች ሲያጠኑት እየተከታተሉ ያገኙትን ሁሉ አንድ ሉክ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ስፋቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለተማሪዎቹ «ከመናኸሪያው ተነሥታችሁ ከተማውን ጨርሳችሁ ብትወጡ እሱን አቋረጣችሁት ማለት ነው» ይሏቸዋል። በራሱ ዙሪያ አንዴ ለመዞር ሰባት ሰዓት ብቻ ይበቃዋል፤ «እዚያ ብናስተምር አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ይመሽብን ነበር» ይላሉ። መልኩ ጥቁር ነው፤ የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን ውጦ የሚያስቀር። ይህን ሲያስተምሩ ከቀኝ ኪሳቸው አንድ የከሰል ቁራጭ ያወጡና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይይዙታል። «ይሄን የመሰለ ነገር ነው ያን ያህል ርቀት ላይ ሆኖ የታየው» ይላሉ። «ማን እንዳየው ታውቃላችሁ? እዚህ ክፍል የተቀመጠች ልጅ።» በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ይህን ይናገራሉ። የሌላ አገር ሰው ስም የተጻፈበትን ድንጋይ «የህብስት ድንጋይ» ብለው አስተምረው ነው ጡረታ የወጡት።

ፀሐይን አንዴ ለመዞር አራት ዓመት ከጥቂት ወራት ይፈጅበታል። ይህን ከሌላው ሁሉ የበለጠ አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱም በየጊዜው ይነግሩኝ ነበር። ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ «ሩቡን ሄደ» ይሉኛል። «ጎበዝ» እላለሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ? ጡረታ ወጥተው ሞጣ ከገቡ በኋላ ደግሞ ይደውላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወሉ። «ዛሬ ዞሮ ገባ» አሉኝ።

«ማን ጋሼ?»

«ድንጋዩ ነዋ። አንድ ዙር ጨረሰ። ህብስት ደህና ናት?»

«ደህና ናት መሰለኝ።»

«እሺ» ብለው ዘጉት።

ለመንገር ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ነው። ልሸኛት ብዬ መናኸሪያ ሄድኩ፣ ሻንጣዋን ለረዳቱ አቀበልኩላት፣ «በርቺ» አልኳት፣ ተመለስኩ። ሁለተኛው ከተመረቀች በኋላ ነው። ሞጣ ማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ሆና ተቀጥራ ነበር፤ ለስብሰባ ብቸና መጥታ ሻይ ጋበዝኳት። አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ስለ ደሞዝ አወራን፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራን። «ሌላስ መምህር?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኩ። ትንሽ ቆይታ «ሌላስ?» አለች። «ሌላ ምን አለ ብለሽ ነው» አልኩ። ሦስተኛም ጠየቀችኝ። ሒሳብ ከፍዬ ተነሣን። ሰው በጣም ሲፈራ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኝ ነበር፤ እኔን የሚያደርገኝ ግን እንጨት ነው። አይሞቀኝም፣ አይበርደኝም፣ እየሳቅኩ እሸኛለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ የደወሉልኝ ኔትወርክ ከመጥፋቱ በፊት ነው። ድምፃቸው ደክሟል። «ሁለተኛውን ሊጨርስ ጥቂት ቀረው» አሉኝ። «በእኔ ስሌት እስከ...» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ጥሩ ሆነ ብዬ ነበር። እውነቱን ልናገር ብዬ የተነሣሁ ስለሆነ ይህንንም ልጻፈው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ተመስገን ብያለሁ።

ለአርባቸው መንገዱ ተከፈተ። በሚኒባስ በደብረ ወርቅ በኩል አድርጌ ሞጣ ገባሁ። ድንኳኑ ውስጥ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሕዝቡ ምሳ ላይ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ በጥቁር ነጠላ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው።

«ያረጋል ነህ? የብቸናው?» አሉኝ። «ስምህን ያነሣ ነበር። ግባ እስቲ ጓዳውን፣ ህብስት ወረቀቱን እየለየች ነው። ልጆቹ እሳት ሊያነዱበት ሲሉ እሷ ናት የከለከለች።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። ህብስት መሬት ላይ ተቀምጣ ደብተሮችን በዓመታቸው ትደረድራለች። ቀና ብላ አየችኝና ለመነሣት ስትሞክር «አትነሺ» አልኳት። ጠረጴዛው ላይ የከሰሉ ቁራጭ አለ፤ ከብዙ መነካካት ጠርዙ ልሟል። እሱን አየሁ። መምህር ልሳነወርቅ መሞታቸው ያኔ ገባኝ። ቆሜ፣ በሩን እንኳ ሳልዘጋ ተናገርኩ።

«ህብስት፣ ቀኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ልክ ጽፈው ነው የሰጡኝ። በእኛ አቆጣጠር መልሼ የላክሁት እኔ ነኝ።»

የያዘችውን ደብተር ቦታው ላይ አስቀመጠች። ሌላም አነሣችና እሱንም አስቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ነገሩሽ?»

«አልነገሩኝም። እርስዎ እኛ ክፍል የለጠፉት የፈተና ፕሮግራም ሁሉ ሰዓቱ ተመልሶ ነበር እኮ የሚለጠፍ። እሳቸው ግን በእኛ ቀን ሲጽፉ አይቻቸው አላውቅም። በሳምንቱ ሄጄ 'መምህር ያረጋል ናቸው አይደል?' አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«'ይነግርሻል፣ ጠብቂው' አሉኝ። 'እስኪነግርሽ አንቺም እንዳትጠይቂው' አሉኝ። ሞጣ ከገባሁ ጀምሮ በየእሑዱ እመጣ ነበር። ገና ከበር ስገባ 'ነገረሽ?' ነው የሚሉኝ። 'አልነገሩኝም' ስላቸው 'ገና አልዞረም' ይላሉ።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «መጨረሻ ላይ መናገር አቅቷቸው እንኳ በዓይናቸው ጠይቀውኛል።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል አልኩት መሰለኝ፤ አልኩት ብዬ ማመን እፈልጋለሁ። ድንኳን ውስጥ ሳህን ይንኳኳል፣ አንድ ሰው «ለእነዚያ ጨምርላቸው» ይላል።

ህብስት ተነሥታ ከደብተሩ መሐል አራት ስስ ወረቀት አወጣች። ጠርዛቸው ተበልቷል፣ ቀለማቸው ወይቧል። ወደ መስኮቱ ሄዳ መስታወቱ ላይ ደራረበቻቸው፤ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ላይ እየገፋች ቀስ ብላ አስተካከለቻቸው፤ በሁለት እጇ ይዛ ዞር አለችልኝ።

«ያን ቀን ታየኝ ብለው ነበር» አለች። «እውነት ታይቶዎት ነበር?»

ቀረብኩ። ነጥብ በነጥብ ላይ ነው። ዓይኔን አጠበብኩ፣ መነጽሬን አወለቅኩ፣ መልሼ አደረግኩ።

«አልታየኝም ነበር» አልኳት። «አሁንም አይታየኝም።»

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከመስታወቱ ላይ አነሣቻቸው። ከዚያ ሰጠችኝ፣ ከመስኮቱም ዘወር ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ይድገሙት» አለችኝ።